የመሃሉ እጥበት

በሆስፒታሉ ቤተ ሙከራ ውስጥ ቅጽል ስም የሌለው ሰው የለም። ሥራው ዝምታ ይበዛበታል፤ አፍ ሥራ ሲፈታ ደግሞ ስም ያወጣል። እሷን «ጠብታ» ይሏታል። አንደኛ ነገር ቁመቷ አጭር ነው። ሁለተኛ፣ በዚያ ቤት እንደ እሷ ጠብታን ከጠብታ ሳታበላልጥ የምትለካ አልነበረችም። ፈሳሽ መለኪያውን ቀጭን ቱቦ፣ ፒፔቱን፣ ስትይዝ እጇ ንቅንቅ አይልም። ሰው ሲያመሰግናት «እኔ ምን አደረግሁ፣ አንቲቦዲው ነው» ትላለች፤ ፊቷ ግን ደስታውን አይደብቅም። ምስጋና አልወድም የሚል ሰው ውሸታም ነው።

አንቲቦዲው የሚቀመጠው በፍሪጁ ሁለተኛ መደርደሪያ ላይ፣ ከአውራ ጣት በማትበልጥ ብልቃጥ ውስጥ ነው። ሲያዩት ውሃ ይመስላል። ሥራው አንድ ነገር ብቻ ፈልጎ መያዝ ነው፤ ኢንተርሉኪን ስድስት የሚባለውን ፕሮቲን። የሰው አካል ጠላት ሲገባበት ይህን ፕሮቲን በደም ውስጥ እየላከ «ተነሱ፣ ድረሱ» ብሎ ይጣራል። በልኩ ሲሆን ያድናል። ልኩን ሲያልፍ ግን ጠላቱ ይቀርና አካል ራሱን ማቃጠል ይጀምራል፤ ሳንባው፣ ኩላሊቱ፣ ልቡ ተራ በተራ እጅ ይሰጣሉ። ሐኪሞቹ መጠኑን ማወቅ የሚፈልጉት ለዚህ ነው። በቤተ ሙከራው ሙሉ ስሙን የሚጠራ የለም፣ «ስድስት» ይባላል። «የዚያ የጥግ አልጋ ስድስቱ ስንት ገባ?» ይላሉ፣ እንደ ገበያ ዋጋ።

አለካኩ እንዲህ ነው። ብዙ ትንንሽ ጉድጓዶች ያሉት የፕላስቲክ ሳህን አለ፤ በየጉድጓዱ ወለል ላይ አንቲቦዲው ተጣብቆ ይጠብቃል። ከሕመምተኛው ደም የተለየው ሴረም ሲጨመርበት አንቲቦዲው ስድስትን ይይዝና አይለቅም። ከዚያ ሳህኑ ይታጠባል፣ ያልተያዘው ሁሉ ከውሃው ጋር ይሄዳል። ቀጥሎ ሁለተኛው አንቲቦዲ ይገባል፤ እሱ የተያዘውን ስድስት ከወዲያኛው ጎኑ ይይዘዋል፣ ቀለም የሚያወጣውም እሱ ነው። እንደገና ይታጠባል። ስድስት የበዛበት ጉድጓድ ደማቅ ቢጫ ይሆናል፣ ያነሰበት ነጣ ይላል። ሥራው ከባድ አይደለም፣ ጊዜ ግን ይፈጃል። ጠዋት የተጀመረው የሚያልቀው ሲመሽ ነው።

ይህን ያስተማሯት የቀድሞው የቤተ ሙከራው ኃላፊ ናቸው። «ጋሼ ቀስበቀስ» ይባሉ ነበር፤ የጫማቸውን ማሰሪያ አስረው እስኪጨርሱ አውቶቡሱ ያመልጣቸዋል እየተባለ ይቀለድባቸዋል። ለሚያስተምሩት ሰው ሁሉ «የመሃሉን እጥበት እንዳትዘል» ይሉ ነበር። አንድ ቀን ጠብታ ለምን ብላ ጠየቀቻቸው።

«ስድስት ልክ ሲያልፍ ይደበቃል፤ የሚያጋልጠው እጥበቱ ነው» አሏት።

እሷም በልቧ፣ ሽማግሌው ዛሬ ደግሞ ተረት ጀመሩ አለች። እሳቸውም ጡረታ ወጡ፤ ኬክ ተቆረሰ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ሄዱ።

ከእሳቸው በኋላ ያ ክፉ የሳንባ ሕመም መጣና የሕሙማን መኝታው ዋርድ ሞላ። ውጤቱ ሲመሽ የሚደርስ ከሆነ ሐኪሙ የሚሠራበት በማግስቱ ነው፤ በመሃሉ ሰው ያልፋል። ጠብታ ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳት። አሰበች፣ አወጣች፣ አወረደች። ሴረሙንና ሁለተኛውን አንቲቦዲ ለምን አንድ ላይ አልጨምራቸውም? የመሃሉ እጥበት ይቀራል፣ ውጤቱ ከምሳ በፊት ይወጣል። ዝርክርክ ሰው ስላልሆነች ዝም ብላ አልጀመረችውም። የብዙ ሰዎችን ሴረም በአሮጌውም በአዲሱም መንገድ ለካች፤ ቁጥሮቹ እንደ መንታ ወንድማማቾች ተመሳሰሉ። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ያን ጊዜ በእጇ የነበረው ሴረም ሁሉ ሕመማቸው መካከለኛ ከሆኑ ሰዎች የተቀዳ ነበር። በጣም የጠናባቸው ደማቸው እስኪቀዳ እንኳ አይቆዩም ነበርና። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ። እሷ ያፈሰሰችውን ማንም አላየም፤ አይቶ ቢሆን ኖሮ መልቀምም በተቻለ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ውጤት ከምሳ በፊት መውጣት ጀመረ። ሐኪሞቹ በመተላለፊያው ላይ ሲያገኟት ቆመው ሰላም ይሏት ጀመር። ስሟ ዋርዱ ድረስ ገባ።

ወንድሟም እዚያው ዋርድ ገባ።

የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ነው። የበርና የመስኮት ብረት የሚሠራ በያጅ ነው፤ ትከሻው በር አይበቃውም፣ ጢሙ እንደ ሽቦ ነው፣ ቤት ውስጥ ግን እስከ ዛሬ «ማሙሽ» ነው። አባታቸው በሞቱ ጊዜ እሱ ገና ዳዴ ይል ነበር። አዝላ ያሳደገችው፣ ፊደል ያስቆጠረችው፣ ጥርሱን በክር ጎትታ የነቀለችለት እሷ ናት። እሱም «እታለም» ብሎ ነው የሚጠራት፤ ሲጣላትም ሲወዳትም እታለም ናት። ከሁሉ የሚገርመው፣ አመመኝ የማይል ልጅ ነው። አንድ ጊዜ የጋለ ብረት እግሩ ላይ ወድቆበት ጫማው ተቃጥሎ ከቆዳው ጋር ተጣብቆ ቤት ገባና «ትንሽ ሞቆኛል» አለ። ከዚያ ወዲህ በቤቱ ውስጥ መከራ ሁሉ «ትንሽ ሞቆኛል» ሆኖ ቀረ። እናታቸው የቤት ኪራይ ሲጨምርባት እንኳ ትንሽ ሞቆኛል ትላለች።

ሆስፒታል ያመጡት ትንፋሹ አጥሮ ደረጃ መውጣት ሲያቅተው ነው። በመጀመሪያው ቀን የደሙ ስድስት ከፍ ያለ ነበር፣ የሚያስደነግጥ ግን አልነበረም። ጠብታ ውጤቱን ይዛ አልጋው ድረስ ሄደች።

«እታለም፣ ስድስቴ ስንት ገባ?» አላት ከኦክስጅን ጭንብሉ ሥር። የቤተ ሙከራውን ቋንቋ ከእሷ ሰምቶ ለምዶታል።

«ከትምህርት ቤት ውጤትህ ይበልጣል።»

«ውይ፣ እንግዲያውማ ምንም አይደል፤ እሱን የማይበልጥ ነገር የለም።»

ሲስቅ ሳሉ ተነሣበትና ነርሷ መጥታ ሁለቱንም ተቆጣቻቸው።

እናታቸው በመተላለፊያው አግዳሚ ወንበር ላይ ናት። ወደ ውስጥ የምትገባው ለአፍታ ብቻ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ በሩን ታያለች። አጠገቧ ሌላ እናት ተቀምጣለች፤ የዚያችኛዋ ልጅ ከማሙሽ ፊት ለፊት ያለው አልጋ ላይ የተኛች ተማሪ ናት። ሁለቱ ሴቶች ከዚያ በፊት አይተዋወቁም። አሁን ግን በአንድ ፎጣ ፊታቸውን ይጠርጋሉ፣ ዳቦውን ይካፈላሉ፣ አንዷ ስታንቀላፋ ሌላዋ በር ትጠብቃለች። መከራ ዘመድ ያደርጋል።

በሦስተኛው ቀን ሐኪሙ የሁለቱንም ልጆች ደም እንደገና ላኩ። ያሳሰባቸው ነገር ነበር። ይህን የበዛ ስድስት አፉን የሚያስይዝ መድኃኒት አለ፤ በሆስፒታሉ የቀረው ግን አንድ ሰው ብቻ የሚያድን ነው። ስድስቱ ላልበዛ ሰው ከተሰጠ ደግሞ የአካሉን መከላከያ ያዳክምና ጉዳቱ ይብሳል። ስለዚህ ቁጥሩን ሳያዩ አይሰጡትም።

ጠብታ ሳህኑን እንደ ወትሮዋ አዘጋጀች። ጠዋቱን ሙሉ ከቦታዋ አልተነሣችም፣ ሻይ ቢያመጡላት ቀዘቀዘ። ቀለሙ መውጣት ሲጀምር ጎንበስ ብላ አየችው። የልጅቷ ጉድጓድ ቢጫው ደመቀ። የወንድሟ ነጣ እንዳለ ቀረ። ደግማ አየች። ማሽኑ ላይ አስገብታ አስነበበችው፤ ማሽኑም ያንኑ አለ። የማሙሽ ስድስት ከሦስት ቀን በፊት ከነበረው በጣም ወርዷል፣ የጤነኛ ሰው ወደ መሆን ተቃርቧል።

ጓንቷን ሳታወልቅ ነው ወደ መተላለፊያው የሮጠችው።

«እማዬ! ወርዷል!»

እናቷ ምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቀችም። ከወንበሩ ተንሸራታ ወለሉን ሳመች፤ ወለሉ በመድኃኒት ውሃ ተወልውሎ እርጥብ ነበር። ያችኛዋ እናት አብራት አለቀሰች፤ ከዚያ የራሷ ልጅ ትዝ አላትና ቀና ብላ ጠብታን አየቻት። ጠብታ ዓይኗን ሰበረች።

ሐኪሙ ወረቀቱን ተቀብለው ደጋግመው አነበቡት። ጎበጥ ያሉ፣ ረጅም፣ የሕመምተኛ እግር ካልዳሰሱ የማያምኑ ሰው ናቸው። ወደ ማሙሽ አልጋ ጫፍ ሄደው እግሩን ያዙ፣ ጥፍሮቹን አዩ፣ ጠብታን ወደ ጥግ ጠሯት።

«እጄ የሚለኝና ቁጥርሽ የሚለኝ አልተስማሙም» አሏት። «ይህ ልጅ እየነደደ ነው። መድኃኒቱን ለእሱ ባደርገው ይሻላል መሰለኝ።»

ይህን ቀን ጠብታ በኋላ በሐሳቧ ሺህ ጊዜ መልሳዋለች። ዝም ብትል ኖሮ በቂ ነበር። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ። እሷ ግን በሥራዋ ቀልድ የማታውቅ ሰው ናት፤ ከዚያም በላይ ለዘመድ አደላች መባልን ከሞት አብልጣ ትፈራ ነበር። የልጅቷ እናት በመስታወቱ በኩል እያየቻቸው ነው።

«ዶክተር፣ ይሄ ቁጥር የሌላ ሰው ቢሆን ይሰጡት ነበር?»

«አልሰጠውም።»

«ታዲያ ለምን ለሱ ይሰጣሉ? የኔ ወንድም ስለሆነ ነው?»

«ዓይኔ ስላልወደደው ነው።»

«ዓይን ይሳሳታል። አንቲቦዲዬ አይዋሽም። የልጅቷ ከፍ ብሏል፣ የሱ ወርዷል፣ እዚህ ተጽፏል። ለእሷ ይስጧት። ነገ ሰው የቤተ ሙከራዋ ሴት ወንድም ስለሆነ ነው እንዲል አልፈልግም።»

ሐኪሙ አዩዋት። ደክሟቸዋል። ይህችን ሴት ሁልጊዜ አምነዋት ያውቃሉ፣ አንድም ቀን አላሳፈረቻቸውም። «ይሁን፣ ካልሽ ይሁን» አሉ። ከምሳ በኋላ መድኃኒቱ በልጅቷ ክንድ ላይ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ጠብታም ትክክለኛ ሰው በመሆኗ ራሷን አክብራ፣ ቀና ብላ ወደ ወንድሟ ሄደች።

ማሙሽ ከጠዋቱ ብሶበታል። ከንፈሩ ጠቁሯል፣ በያንዳንዱ ትንፋሽ ትከሻው ይነሣል። እናታቸው እግሩን እያሻሸች «ጎበዝ፣ በርታ፣ ወርዶልሃል እኮ፣ እህትህ አየችው፤ ትንሽ ታገል ብቻ» ትለዋለች። እሱ ራሱን ይነቀንቃል። ሰዓቷ አልቆ ነርሷ ስታስወጣት ማሙሽ ጠብታን በጣቱ ጠራት። ጆሮዋን ወደ ጭንብሉ አስጠጋች።

«እውነት ወርዷል?»

«ወርዷል።»

«እንግዲያው ለምን አቃተኝ?»

እሱ ትንፋሽ ሰብስቦ ቀጠለ።

«ሰንፌ ነው እታለም። ቁጥሩ ደህና ነህ እያለኝ እኔ... መነሣት አቃተኝ። ይቅርታ። ቁጥርሽን አሳፈርኩት።»

«ዝም በል፣ አትድከም» አለችውና ግንባሩን ሳመችው። ከንፈሯን አቃጠላት።

በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች። እግሩ ተቃጥሎ ትንሽ ሞቆኛል ያለ ልጅ ነው። ይህ ልጅ አቃተኝ ካለ ማን ነው የሚዋሸው? ሰው ወይስ ሳህን? ያን ጊዜ የጋሼ ቀስበቀስ ድምፅ መጣባት፣ ያ የሚያስተኛው ድምፃቸው፣ ስድስት ልክ ሲያልፍ ይደበቃል የሚለው።

ወደ ቤተ ሙከራው እንዴት እንደደረሰች አታውቅም። ከጠዋቱ የተረፈውን የወንድሟን ሴረም ከፍሪጁ አወጣች። አንዷን ጠብታ ወስዳ በብዙ መቶ ጠብታ ማቅጠኛ በጠበጠቻት። ፒፔቱን በሁለት እጇ ነው የያዘችው። በአንደኛው ጉድጓድ የቀጠነውን፣ አጠገቡ ባለው ያልቀጠነውን አደረገች። የሰው አእምሮ የሚያውቀው ሕግ አንድ ነው፤ ውሃ የተጨመረበት ነገር ይነጣል።

ጠበቀች። የሥራ ባልደረቦቿ ቦርሳቸውን ይዘው «ጠብታ፣ አትሄጂም?» እያሉ አለፏት። ፀሐይ ከመስኮቱ ወርዳ ጠረጴዛው ላይ ተኛች።

ያልቀጠነው እንደ ጠዋቱ ነጣ እንዳለ ቀረ። ውሃ የተጨመረበት ደመቀ፣ ቢጫው እየጨመረ፣ እየጨመረ ሄደ። ቁጥሩን በማቅጠኛው ልክ መልሳ ስታባዛው በዚያ ቤት ማንም አይቶት የማያውቅ መጠን ወጣ።

ነገሩ ሁሉ ገባት። በወንድሟ ደም ውስጥ ያለው ስድስት ከመብዛቱ የተነሣ የወለሉ አንቲቦዲም ሞልቶ ተያዘ፣ ቀለም የሚያወጣው አንቲቦዲም ወለሉ ሳይደርስ እዚያው ላይ በተንሳፈፈው ስድስት ተያዘ። ብዙ ሰው በአንድ በር ሲጋፋ ማንም አይገባም። ከዚያ ሳህኑ ሲታጠብ የተንሳፈፈው ከነቀለሙ ፈሰሰ። በመሃል ታጥቦ ቢሆን ኖሮ ትርፉ አስቀድሞ ይሄድ ነበር፣ ጉድጓዱም እውነቱን ያወጣ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ ማሙሽ ግን ምንም አልደበቀም። የደበቀችለት እህቱ ናት።

ሮጠች። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ሮጠች። ዋርዱ በር ላይ ስትደርስ መጀመሪያ ያየችው ከልጅቷ አልጋ በላይ የተንጠለጠለውን ከረጢት ነው። ባዶ ነበር፣ እንደ ደረቀ ቆዳ ተጣብቆ ተንጠልጥሏል። ልጅቷ ተኝታለች፣ ትንፋሿ ረጋ ብሏል።

በማሙሽ አልጋ ዙሪያ መጋረጃው ተስቧል። ውስጥ ሰው በዝቷል። ከመጋረጃው በታች በሚታዩት ጫማዎቻቸው ብቻ ለየቻቸው፤ የሐኪሙ ጫማ፣ የነርሷ ጫማ። መጋረጃውን ስትገልጠው ማሙሽ ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ ገብቶ፣ በመድኃኒት ተኝቶ፣ ማሽኑ ይተነፍስለታል። ዓይኖቹ ተከድነዋል።

«ከመተኛቱ በፊት የተናገረው ነገር አለ?» አለች።

«ይቅርታ በይልኝ አለ» አለች ነርሷ። «ለማን እንደሆነ አልገባኝም።»

ጠብታ ጎንበስ ብላ በጆሮው «ማሙሽ፣ አልሰነፍክም። የዋሸው ቁጥሩ ነው። ሰማኸኝ? አልሰነፍክም» አለችው። ማሽኑ ደረቱን ነፋ፣ አስተነፈሰ። ሌላ ምንም አልነበረም።

ሐኪሙ ታሪኩን ቆመው ሰሙና ሳይታወቃቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ወዲያው ተነሥተው ስልክ ያዙ። ወዲህ ደወሉ፣ ወዲያ ለመኑ፣ በሩቅ ያለ አንድ ሆስፒታል አንድ ብልቃጥ አለኝ አለ፤ መኪናው ጠዋት ይደርሳል ተባለ። ሐኪሙም «ቁጥሩን አይቼ እጄን አላመንኩም፤ ጥፋቱ የኔም ነው» አሏት። ለማጽናናት ይሁን ከልባቸው አልታወቀም። እሷ አልሰማቻቸውም።

ማሙሽ ጎህ ሲቀድ ልቡ ቆመ። መድኃኒቱን የያዘው መኪና ግቢውን የገባው አንሶላው ፊቱ ላይ ከተሳበ በኋላ ነው። ሾፌሩ የበረዶ ሳጥኑን እንደ ሕፃን አቅፎ ደረጃውን ወጥቶ «ለማን ነው የማስረክበው?» እያለ በመተላለፊያው ላይ ይዞር ነበር። አሳዛኝ ሰው፣ ሌሊቱን ሙሉ ነድቶ ነው የመጣው።

ከመቀበሩ በፊት ሐኪሙ ጠብታን ጠርተው «ለቤተሰቡ መነገር አለበት። እኔ ልንገራቸው?» አሏት።

«ቤተሰቡ እኔ ነኝ» አለች። «እናቴን እኔ እነግራታለሁ።»

ለባልደረቦቿ በዚያው ቀን ነገረቻቸው፤ የመሃሉ እጥበትም በዚያው ቀን ተመለሰ። እናቷን ግን እንዴት ብላ ትንገራት? ከቀብር መልስ እነግራታለሁ አለች። ሰው ሲቀንስ እነግራታለሁ አለች። ሰው አልቀነሰም። ቤቱ በተከራዩት ወንበሮች ሞልቷል፣ በየወንበሩ ሐዘንተኛ፣ እናቷም በመሃል ተቀምጣ ለመጣው ሁሉ አንዱኑ ነገር ትደጋግማለች።

«ቁጥሩ ወርዶ ነበር እኮ። እህቱ በገዛ ዓይኗ ነው ያየችው። ድኖ ነበር። ሰነፈብኝ። ታገል ብዬው ነበር፤ ልጄ ሰነፈብኝ።»

የሚሰማው ሰው ራሱን ይነቀንቃል፣ «ምን ይደረግ፣ ዕድሜው ነው» ይላል። ጠብታ በየቃሉ ትወጋለች። እሷን ቢሰድቧት በተሻላት። የሚሰደበው ግን እሱ ነው፣ በማያውቀው፣ በማይመልስበት፣ አፈር ውስጥ ሆኖ። በሕይወቱ አንድ ቀን እንኳ ሰነፍ ያልተባለ ልጅ እናቱ ቤት ውስጥ ሰነፍ ሆኖ ቀረ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ያቺ የዋርዷ እናት መጣች። ልጇ ከሆስፒታል ወጥታለች። ከበሩ ጀምራ እያለቀሰች ገብታ የጠብታን እናት ጉልበት ያዘች።

«እህቴ፣ ምን ፊት ይዤ ልምጣ? የኔዋ ዳነችልኝ፣ ያንቺ ሄደ። የዚህች ልጅሽ እጅ ይባረክ፤ ለዘመዴ ሳትል ቁጥሩን እንዳለ የተናገረች እሷ ናት። ከሐኪሙ ጋር ስትከራከር በመስታወቱ አይቻታለሁ፣ ነርሷም ነግራኛለች።»

«ያንቺ ልጅ ታገለችልሽ» አለች እናቷ፣ ፊቷን ሳታዞር። «የኔው ሰነፈ።»

«አልሰነፈም» አለች ጠብታ።

ድምፅዋ ከራሷ የወጣ አልመሰላትም። ሰው ዞሮ አያት። እናቷም ዞረች።

«አልሰነፈም እማዬ። ስድስቱ ከሁሉም ሰው በልጦ ነበር። በጣም በዝቶ ነበርና አንቲቦዲው ሳያሳየው ቀረ። በመሃል የሚታጠብ ነገር ነበር፤ እኔ እንዲፈጥን ብዬ አስቀርቼው ነበር። ቁጥሩ ውሸት ነው። መድኃኒቱ የሱ ነበር። ዶክተሩ ሊሰጡት ነበር። አይስጡት ያልኩት እኔ ነኝ።»

የዚያች እናት እጅ ከጉልበቱ ላይ ወረደ። ከጓሮ የልብስ ማጠቢያ ውሃ ሲፈስ ይሰማል፤ ጎረቤቶቹ ሥራ ላይ ናቸው።

እናቷ ዝግ ብላ ጠየቀች።

«ለሱ ነግረሽዋል?»

«አልደረስኩም።»

«ሰንፌያለሁ ብሎ ነው የሄደው?»

ጠብታ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

እናቷ ተነሣች። የሚደግፋት ሰው ቢነሣም እጁን ገፋችው። በሩ ጀርባ ማሙሽ ሥራ የሚለብሰው ካፖርት ተንጠልጥሏል፣ የብየዳው እሳት የበሳሳው። ከሄደ ጀምሮ ማንም አልነካውም። ፊቷን ካፖርቱ ውስጥ ቀበረች።

«አልሰነፍክም ማሙሽዬ» አለችው። «አልሰነፍክም የኔ ጀግና። እናትህ አፏን ይቁረጠው። ታግለሃል። አልሰነፍክም።»

ይህን ደጋግማ አለችው፣ ድምፅዋ እስኪዘጋ። እስከዚያ ቀን በልጇ ተቆጥታ ነበርና እስኪወጣላት አላለቀሰችም። አሁን አለቀሰች። ቤቱ አብሮ አለቀሰ። ጠብታ ብቻ በመሃል ቆማ ቀረች፣ ማን አጠገብ እንደምትቀመጥ ግራ ገብቷት።

እናቷ ወደ ወንበሯ ስትመለስ አፏ ደርቆ ነበር። ጠብታ ወደ ጓዳ ሮጣ ብርጭቆ ውሃ ቀድታ አመጣችላት፣ እንደ ልጅነቷ ተንበርክካ ዘረጋችላት። እናቷ ብርጭቆውን አየች፣ ከብርጭቆው ወደ ያዘው እጅ፣ ከእጁ ወደ ፊቷ። አልተቆጣችም። ፊቷን ብቻ መለሰች።

የዋርዷ እናት ከዚያ ወዲያ መታገሥ አልቻለችም። ብርጭቆውን ከጠብታ እጅ ወሰደችና ለእናቷ አቀረበችላት። እናቷም ከእሷ እጅ ተቀብላ ጠጣች።